ስለ ታሲሊ ተራሮች፣ ስለ አለት ሥዕሎቹና ስለ ጃኔት ከተማ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በደቡብ ምሥራቅ አልጄሪያ፣ ከሊቢያና ከኒጀር ወሰን ብዙም ሳይርቅ፣ ታሲሊ ናጄር የሚባል ሰፊ የአሸዋ ድንጋይ አምባ አለ። በአምባው ግርጌ ጃኔት የምትባል ጥንታዊት የቴምር ከተማ ትገኛለች። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1982 በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ይህ ስፍራ 72,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ሲሆን፣ በአለቶቹ ላይ ከ15,000 የሚበልጡ ሥዕሎችና ተፈልፍለው የተሠሩ ምስሎች ይገኙበታል።

ስለ ስፍራው በሰፊው የሚነገሩት ስሕተቶች ብዙ ዓይነት ቢሆኑም በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ ሁሉም በየራሳቸው መንገድ ሰውን ከቦታው ያስወጣሉ። ሥዕሉን የሣለውን አዳኝና ከብት አርቢ ትተው በምትኩ ከሌላ ፕላኔት የመጣ እንግዳ ያስገባሉ። መንገዱን የመሩትን የቱዋሬግ (የሰሃራ የበርበር ሕዝብ) ሽማግሌ ረስተው ከኋላቸው የተከተሉትን አውሮፓዊ ብቻ ያወሳሉ። የቴምር አትክልቱን ያለማውን ሰው ድካምም የተፈጥሮ ችሮታ ያደርጉታል። እነዚህን አመለካከቶች አንድ በአንድ መመርመር ተገቢ የሚሆነው ለእነዚህ ሰዎች ሲባል ጭምር ነው።

«ሰሃራ ማለት የአሸዋ ባሕር ነው»

በፖስታ ካርድና በፊልም የምናየው ሰሃራ ወርቃማ የአሸዋ ክምር ብቻ በመሆኑ፣ ተራራና በረሃ አብረው የሚሄዱ የማይመስለን ብዙ ነን። እውነታው ግን አሸዋ የሚሸፍነው ከሰሃራ ስፋት ሩብ ያህሉን ብቻ ነው። የቀረው የጠጠር ሜዳ፣ ባዶ የድንጋይ አምባ፣ የደረቀ የወንዝ ሸለቆና ተራራ ነው። በቻድ የሚገኘው የቲቤስቲ ተራራ ሰንሰለት ከፍተኛ ጫፍ የሆነው ኤሚ ኩሲ ከ3,400 ሜትር በላይ ይደርሳል፤ የታሲሊም ከፍተኛ ቦታ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ይበልጣል።

ታሲሊ በአገራችን የምናውቀውን አምባ የሚመስል ነው፤ ዙሪያው ገደል ሆኖ የሚወጣበት በር ጥቂት ነው። ከጃኔት በኩል ወደ ላይ የሚያደርሰው መንገድ በድንጋይ ናዳ መካከል እየተጠማዘዘ የሚወጣ የእግር ዳገት ሲሆን፣ መኪና አይደርስበትም፤ ዳገቱ ለግመል አስቸጋሪ ስለሆነም ምግቡንና መኝታውን ተሸክመው የሚወጡት አህዮች ናቸው። ላይኛው አምባ ላይ የሚታየው ደግሞ ዝናብና ጎርፍ በእርጥቡ ዘመን የሸረሸሩት፣ ነፋስ ደግሞ በኋላ ያለሰለሰው የድንጋይ ዓምድ ጫካ ነው። ሴፋር በተባለው ስፍራ ዓምዶቹ ተቀራርበው ስለቆሙ በመካከላቸው ያለው ክፍተት መንገድና አደባባይ ይመስላል። ሥዕሎቹ የተሣሉት ከእነዚህ ዓምዶች ሥር፣ ዝናብና ፀሐይ በማያገኛቸው ጥላማ ጉድጓዶች ግድግዳ ላይ ነው። ስለዚህ የዋሻ ሥዕል የሚለው የተለመደ አነጋገር እንኳ በጥንቃቄ ሊወሰድ ይገባዋል፤ ሰዎቹ ይሥሉ የነበሩት በጨለማ ዋሻ ውስጥ ሳይሆን በሚኖሩበት፣ እሳት በሚያነዱበትና ከብት በሚያሳድሩበት ጥላ ሥር፣ በቀን ብርሃን ነበር።

«በረሃው ከጥንትም በረሃ ነበር»

ይህ አመለካከት በራሳቸው በሥዕሎቹ ይፈርሳል። በአለቶቹ ላይ ጉማሬ፣ ዝሆን፣ ቀጭኔ፣ አውራሪስና ረጅም ቀንድ ያለው ጥንታዊ ጎሽ ተቀርጸዋል። ሰዓሊዎቹ ያላዩትን እንስሳ በዚያ ዓይነት የአካል ትክክለኛነት ሊሥሉ አይችሉም። ከዛሬ 11,000 ዓመት ገደማ ጀምሮ እስከ 5,000 ዓመት ገደማ ድረስ ሰሃራ በአብዛኛው ሣርና ቁጥቋጦ የሚበቅልበት፣ ሐይቆችና ወንዞች ያሉበት አገር እንደነበር የሐይቅ ደለል፣ የዕፅዋት ብናኝና የእንስሳት አጥንት በአንድነት ይመሰክራሉ።

ምክንያቱ የምድር ዛቢያ በሺህ ዓመታት ውስጥ ቀስ እያለ አቅጣጫውን የሚለውጥ መሆኑ ነው። በዚያ ዘመን በሰሜኑ የምድር ክፍል ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለው ፀሐይ ከዛሬው የበረታ ስለነበር የብሱ ይበልጥ ይሞቅና እርጥብ አየር ከውቅያኖስ ወደ ውስጥ ይስብ ነበር፤ የዝናቡም መቀነት ወደ ሰሜን ርቆ ይዘልቅ ነበር። ይህ መቀነት በየዓመቱ ወደ ሰሜን ሲሻገር ለእኛም ክረምትን የሚያመጣልን ነው፤ ስለዚህ የሰሃራ ልምላሜ ታሪክ ከእኛ አገር የአየር ንብረት ታሪክ ጋር አንድ ነው። በዚያው ዘመን ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ ለየብቻ የቆሙ ሐይቆች አልነበሩም። ውኃቸው ከፍ ብሎ አንድ ሰፊ ሐይቅ ሆነው ትርፉ ወደ አዋሽ ይፈስስ ነበር። የስምጥ ሸለቆው ሐይቅ ወደ አራት ሲከፈልና ታሲሊ ሲደርቅ ያየነው የአንድ ለውጥ ሁለት ገጽ ነው።

ከዚህ ጋር የሚያያዘው ሌላው ስሕተት፣ ሰሃራን ያደረቁት ከብት አርቢዎች ናቸው የሚለው ነው። የድርቀቱ ዋና መንስኤ ከላይ የተገለጸው የምድር እንቅስቃሴ ሲሆን፣ የከብት ግጦሽ ለውጡን አፋጥኖታል ወይስ ይልቁንም አዘግይቶታል በሚለው ላይ ተመራማሪዎች በሁለቱም ወገን ጽፈዋል። አርቢዎቹን በጥፋተኝነት ለመፈረጅ የሚያበቃ ማስረጃ የለም።

ድርቀቱም ቢሆን ሁሉን ጠራርጎ አልወሰደም። በታሲሊ ገደሎች ውስጥ ገልታ የሚባሉ፣ ዓመቱን ሙሉ የማይደርቁ የአለት ላይ ኩሬዎች አሉ። በአንዳንዶቹ ዓሣ ይኖራል፤ አዞም እስከ 20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ ነበር፤ የጠፋው ድርቅ ገድሎት ሳይሆን ሰው አድኖት ነው። በታምሪት አካባቢ የሚበቅለውና ቱዋሬጎች ታሩት የሚሉት ጥድ ደግሞ እጅግ የሚደንቅ ዛፍ ነው። በአገራችን የፈረንጅ ጥድ የምንለው ዛፍ የቅርብ ዘመድ ሲሆን፣ ቁጥሩ ከ250 እንደማይበልጥ ይገመታል። አንዳንዶቹ ዛፎች ከ2,000 ዓመት በላይ ዕድሜ አላቸው። ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ2001 ይፋ እንዳደረጉት፣ የዚህ ዛፍ ዘር የሚወርሰው የእናቲቱን ዛፍ ባሕርይ ሳይሆን ብናኙን የሰጠውን የአባት ዛፍ ብቻ ነው፤ በዕፅዋት ዓለም እጅግ ብርቅ የሆነ ነገር ነው።

«ሥዕሎቹን ያገኟቸው ፈረንሳዮች ናቸው»

ብዙ ጊዜ የሚነገረው ታሪክ እንዲህ ነው፤ የፈረንሳይ የግመል ጦር መኮንን የነበሩት ሌተና ብሬናን እ.ኤ.አ. በ1933 ወደ ጄራት ሸለቆ ሲገቡ ሥዕሎቹን «አገኙ»፤ ከዚያም ኦንሪ ሎት የተባሉት ተመራማሪ በ1956 ሰዓሊዎችን አስከትለው ወጥተው ለዓለም አሳወቁ። ዘመኖቹና ስሞቹ ትክክል ናቸው። የጎደለው የቀረው ታሪክ ነው።

አምባው ሰው የማያውቀው ምድር አልነበረም። ኬል አጄር የሚባሉት ቱዋሬጎች በሸለቆዎቹ ውስጥ ፍየልና ግመል ያረቡ ነበር፤ እያንዳንዱን ኩሬና መተላለፊያ በስሙ ይጠሩ ነበር፤ ሥዕሎቹ ያሉባቸውን ጥላዎችም ያድሩባቸው ነበር። የፈረንሳይ ጦር ጃኔትን የያዘው እ.ኤ.አ. በ1911 ሲሆን፣ የጃኔቱ ሱልጣን አሙድ ለዓመታት ተዋግተውታል፤ በ1916 ምሽጉ ለጊዜው ከፈረንሳዮች እጅ ወጥቶ ነበር። ጦሩ የተዋጋለትን አገር ባዶ ምድር አድርጎ መናገር አይቻልም።

ብሬናንንም ሎትንም ወደ ሥዕሎቹ የመሩት ጀብሪን አግ ሞሐመድ የተባሉ ቱዋሬግ ነበሩ። ጀብሪን አምባውን ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቁት ነበር፤ ከአንዱ ጥላ ወደ ሌላው የሚወስደውን መንገድ የሚያሳዩ፣ ውኃ የት እንዳለ የሚያውቁ፣ መቼ መውጣትና መቼ መውረድ እንደሚሻል የሚወስኑ እሳቸው ነበሩ። ያለ እሳቸው ጉዞው ከዳገቱ አያልፍም ነበር ማለት ማጋነን አይሆንም። ሆኖም የሥዕሎቹ ቅጂዎች በፓሪስ በታላቅ ዐውደ ርእይ ሲቀርቡ የገነነው የሎት ስም ነው።

የዚያ ጉዞ ውርስ ጥሩ ብቻ አልነበረም። ለመቅዳት እንዲመች ሲባል ሥዕሎቹ በእርጥብ ስፖንጅ ይታጠቡ ነበር፤ ቀለሙ ለጊዜው ይደምቃል፣ ነገር ግን ለሺህ ዓመታት በአለቱ ላይ የቆየው የላይኛው ሽፋን ይጎዳል። በዚህም ምክንያት ብዙዎቹ ሥዕሎች ዛሬ ከ1956 በፊት ከነበሩበት ፈዝዘዋል፤ ለምርመራ የሚያገለግለው ንጹሕ ቅሪትም ጠፍቷል። ከዚህ የባሰው የሐሰት ሥዕሎቹ ጉዳይ ነው። የወፍ ራስ ያላቸው፣ የግብፅን አሣሣል የሚመስሉ ሴቶች ለብዙ ዓመታት የግብፅ ሥልጣኔ ታሲሊ ድረስ ለመድረሱ ማስረጃ ተደርገው ሲጠቀሱ ቆይተው፣ በመጨረሻ የጉዞው አባላት ራሳቸው የሣሏቸው መሆናቸው ታወቀ። ሎት ሥዕሎቹን እንደ እውነተኛ አድርገው አሳትመዋቸው ነበር። እነዚህን ሴቶች አሁንም እንደ ጥንታዊ ሥራ የሚያቀርብ ጽሑፍ ያጋጠመው አንባቢ በጥርጣሬ ሊያየው ይገባል።

«ክብ ራስ ያላቸው ግዙፍ ምስሎች ከሌላ ዓለም የመጡ ፍጡራን ናቸው»

ከሁሉም በላይ የተስፋፋው፣ በእኔም እምነት ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነው ስሕተት ይህ ነው። በአምባው ላይ ጃባሬን በተባለ ስፍራ የሚገኝ ከአምስት ሜትር በላይ ቁመት ያለው ምስል፣ ፊት የሌለው ክብ ራስና ሰፊ ትከሻ አለው። ሎት ምስሉን «ታላቁ የማርስ አምላክ» ብለው ሰየሙት። በእርግጥ ከማርስ የመጣ ነው ብለው አላመኑም፤ ስያሜው ምስሉ በዘመኑ ከነበሩት የጠፈር ሥዕሎች ጋር ያለውን መመሳሰል ብቻ የሚያመለክት ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ስያሜው ከባለቤቱ እጅ ወጥቶ፣ የጥንት ሰዎች የጠፈር ተጓዦችን አይተው እንደሣሉ የሚሰብኩ ሰዎች ዋና ማስረጃ ሆነ። ዛሬም በቪዲዮዎች ውስጥ ክቡ ራስ እንደ ጠፈር ቆብ፣ በአንገቱ ዙሪያ ያለው መስመር ደግሞ እንደ ልብሱ ማሠሪያ ሲቀርብ ይታያል።

ይህን ለማመን ከመቶዎች መካከል አንድ ምስል መርጦ ሌሎቹን አለማየት ያስፈልጋል። ክብ ራስ የሚባለው የአሣሣል ስልት በታሲሊና በአጎራባቹ በአካኩስ ተራሮች ላይ በብዛት የሚገኝ ነው። በዚያ ስልት የተሣሉ ሰዎች ቀስት ይይዛሉ፣ ይጨፍራሉ፣ ይዋኙ ይመስል ተንጋለው ይታያሉ፤ ጭምብል ያጠለቁ አሉ፤ አጠገባቸው የዱር በግና አጋዘን ይታያሉ። በአዋንርሄት የሚገኘው ባለ ቀንድ የሴት ምስል ደረቷ፣ ትከሻዋና እግሯ በነጥብ ረድፍ ያጌጠ ሲሆን፣ ይህ ጌጥ በብዙ የአፍሪካ ሕዝቦች ዘንድ እስከ ቅርብ ዘመን የነበረውን የገላ ንቅሳትና የጠባሳ ጌጥ ያስታውሳል። ፊትን አለመሣል የዚህ ስልት ሕግ ነው፤ ሰዓሊዎቹ ለእጅ ጌጥና ለወገብ ጥብጣብ ጥንቃቄ ሲያደርጉ ፊትን ሆን ብለው ባዶ ይተዋሉ። በሴፋር ያለው ትልቁ ምስል ግራና ቀኝ እጃቸውን ወደ እሱ የዘረጉ ሴቶች አሉት፤ ከዚህ የምንረዳው ሰዎቹ ሥርዓትና እምነት እንደነበራቸው ነው። የሥርዓቱን ትርጉም በሙሉ አናውቅ ይሆናል፤ አለማወቃችን ግን ሥራውን ከሠሩት ሰዎች ነጥቀን ለሌላ እንድንሰጥ መብት አይሰጠንም። ስለ ግሪክ ወይም ስለ ጣሊያን ጥንታዊ ሥዕል እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲነሣ እምብዛም አይሰማም፤ አፍሪካዊ ሥራ ሲሆን ግን ሠሪው ሌላ እንዲሆን የሚፈለግበት ልማድ ገና አልጠፋም።

ከዚሁ ጎራ የሚመደበው፣ ገላው በእንጉዳይ የተሸፈነ የሚመስለውን ምስል የሚያሰክር እንጉዳይ የሚጠቀም ጠንቋይ አድርጎ የሚያቀርበው ትርጓሜ ነው። በሰፊው የሚሰራጨው ምስል ከአለቱ የተነሣ ፎቶግራፍ ሳይሆን በእጅ የተሣለ ቅጂ ነው፤ ቅጂው እንጉዳይነቱን ከመጀመሪያው ሥዕል ይልቅ አጉልቶታል።

«ሥዕሎቹ የአንድ ዘመንና የአንድ ሕዝብ ሥራ ናቸው»

ጎብኚ በአንድ ጥላ ሥር ቆሞ ቀጭኔ፣ ላም፣ ፈረስና ግመል ጎን ለጎን ሲያይ በአንድ ወቅት የተሣሉ ሊመስሉት ይችላሉ። በእነዚህ ምስሎች መካከል ግን በሺህ የሚቆጠሩ ዓመታት አሉ። በአብዛኛው ተቀባይነት ባገኘው ቅደም ተከተል መሠረት፣ ቀዳሚዎቹ ትልልቅ የዱር እንስሳት የተፈለፈሉባቸው ምስሎችና የክብ ራስ ሥዕሎች ናቸው፤ ቀጥሎ የከብት አርቢዎቹ ዘመን ይመጣል፤ ከዚያ የፈረስና የሠረገላ፣ በመጨረሻም ከ2,000 ዓመት ገደማ ወዲህ የግመል ዘመን ይከተላል። ግመል ከሰሃራ ጋር ከጥንት ጀምሮ የኖረ የሚመስለን ቢሆንም፣ በዚህ አለት ታሪክ ውስጥ መጨረሻ ላይ የደረሰ እንግዳ ነው።

የእያንዳንዱን ሥዕል ዕድሜ በትክክል ማወቅ ግን ቀላል አይደለም። ቀዩ ቀለም ብረት ካለበት አፈር የተፈጨ ነው፤ በደም ተሣለ የሚለው ወሬ መሠረት የለውም። ማዕድን ደግሞ በውስጡ ካርቦን ስለሌለው በተለመደው የካርቦን ልኬት አይለካም። ስለዚህ ተመራማሪዎች የሚጠቀሙት የትኛው ሥዕል በየትኛው ላይ እንደተሣለ፣ የትኛው እንስሳ በየትኛው ዘመን እንደነበረ፣ ከሥዕሉ ሥር ባለው መሬት ውስጥ ምን እንደተገኘ በማገናዘብ ነው።

የከብት አርቢዎቹ ዘመን ለእኛ በተለይ ቅርብ ነው። ሥዕሎቹ ላሞች ሲነዱ፣ ሲታሠሩ፣ ሴቶች በጎጆ ደጃፍ ተቀምጠው፣ ጥጃዎች ተሰልፈው ያሳያሉ። ከታሲሊ አጠገብ በሊቢያው አካኩስ፣ ታካርኮሪ በተባለ ጥላ ሥር የተገኙ የሸክላ ስባሪዎች ተመርምረው፣ ሰዎቹ ከዛሬ 7,000 ዓመት ገደማ ወተት ይጠቀሙ እንደነበር እ.ኤ.አ. በ2012 ታውቋል። በሥዕሎቹ ላይ የሚታዩት ከብቶች ሻኛ የላቸውም፤ ዛሬ በአገራችን የሚበዙት ባለ ሻኛ ከብቶች ወደ አፍሪካ የገቡት ዘግይተው ነው። በምሥራቅ ኢትዮጵያ በለጋ ኦዳ ጥላ ግድግዳ ላይ የተሣሉትም ከብቶች እንዲሁ ሻኛ የሌላቸው፣ ቀንደ ረጃጅም ናቸው። ይህ ግን የሁለቱ ሥዕሎች ባለቤቶች አንድ ሕዝብ ነበሩ ለማለት አያበቃም፤ ከብት ማርባት ከአንዱ ማኅበረሰብ ወደ ሌላው ሊተላለፍ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2025 የታተመው፣ በታካርኮሪ የተቀበሩ የሁለት ሴቶች ዘረመል ምርመራ ሴቶቹ ለረጅም ዘመን ተለይቶ ከኖረ የሰሜን አፍሪካ የዘር ሐረግ መሆናቸውን አሳይቷል። ከብት አርቢነት ወደዚያ የደረሰው በሕዝብ ፍልሰት ብቻ ሳይሆን ነባሮቹ ሰዎች ሙያውን ስለተማሩት ጭምር ነው የሚለውን ሐሳብም አጠናክሯል።

«የሠረገላ ሥዕሎቹ የጥንት ንግድ መንገድ ካርታ ናቸው»

በሰሃራ በብዙ ቦታ በፈረስ የሚሳቡ ሠረገሎች ተሥለዋል። ቦታዎቹን በካርታ ላይ በመስመር በማያያዝ ከሜዲትራኒያን ባሕር እስከ ኒጀር ወንዝ የሚደርሱ «የሠረገላ መንገዶች» እንደነበሩ የጻፉ ነበሩ። ሆኖም የተሣሉት ሠረገሎች አንድ ወይም ሁለት ሰው ቆሞ የሚነዳቸው ቀላል ሠረገሎች ናቸው፤ ጭነት አይሸከሙም፤ በታሲሊ ድንጋይ ላይም ሩቅ አይሄዱም። የክብርና የአደን መገልገያ ነበሩ ማለት ይቀላል። የጥንቱ ግሪካዊ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ በዛሬዋ ሊቢያ የፌዛን ነዋሪዎች የነበሩት ጋራማንቶች አራት ፈረስ በሚስበው ሠረገላ «ዋሻ ነዋሪ ኢትዮጵያውያንን» ያሳድዱ እንደነበር መጻፉ አንዳንድ ጊዜ ከአገራችን ታሪክ ጋር ይያያዛል፤ እሱ የሚናገረው ግን ስለ ሰሃራ ጥቁር ሕዝቦች ነው።

«የሚያለቅሱት ላሞች ድርቁን አይተው ያነቡ ናቸው»

ከጃኔት ብዙም ሳይርቅ በተገርጋርት፣ ከአሸዋው መካከል በቆመ አለት ላይ ተፈልፍለው የተሠሩ፣ ከዓይናቸው እንባ የሚንጠባጠብ የሚመስሉ ድንቅ ላሞች አሉ። አስጎብኚዎች የሚያወሩት፣ ውኃው ደርቆ ያገኘ እረኛ ኀዘኑን በአለቱ ላይ አሳረፈ የሚል ትረካ ነው። ትረካው ውብ ነው፤ መነገሩም መልካም ነው። ነገር ግን አሠራሩ ከብት በሙላት ይረባ ከነበረበት ዘመን ጋር የሚሄድ ነው፤ እንባ የምንለው መስመር እንባ ለመሆኑም ማስረጃ የለንም።

«የበረሃ ገነት የተፈጥሮ ስጦታ ነው»

በበረሃ መካከል ድንገት የሚታይ አረንጓዴ ቦታ ለተጓዥ ዓይን ተአምር ይመስላል። ውኃው በእርግጥ የተፈጥሮ ነው፤ በጃኔት ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ ወደ ላይ የቀረበ ስለሆነ በጉድጓድና በምንጭ ይገኛል። አትክልቱ ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሰው ሥራ ነው። ቴምር ወንድና ሴት ዛፍ ለየብቻ ያለው ተክል ነው፤ ለነፋስ ቢተው ፍሬው ጥቂት ይሆናል። ስለዚህ በየዓመቱ አበባው ሲፈነዳ ገበሬው በእያንዳንዱ ሴት ዛፍ ላይ ወጥቶ የወንዴውን አበባ ዘለላ በሴቴው ውስጥ በእጁ ማኖር አለበት። አንድ ወንድ ዛፍ ለብዙ ሴት ዛፎች ስለሚበቃ የሚተከሉት ሴቶቹ ናቸው። ከፍሬው የሚበቅል ችግኝ ወንድ ይሁን ሴት ስለማይታወቅ፣ የሚተከለው ከጥሩ ዛፍ ሥር የወጣው ቡቃያ ነው። ከቴምሩ ጥላ ሥር እንደ በለስና ሮማን ያሉ ፍሬዎች፣ ከእነሱ ሥር ደግሞ አትክልትና እህል ይለማሉ፤ የላይኛው ጥላ ከሌለ የታችኛው በአንድ ወቅት ይቃጠላል። ውኃው በቦይ እየተከፈለ በተራ ይደርሳል፤ ቦዩ ሳይጠረግ ከቀረም አሸዋ ይበላዋል።

ይህን ሥራ ማን ይሠራው እንደነበረም ሊሸፈን አይገባም። በሰሃራ ገነቶች ለብዙ መቶ ዓመታት አትክልቱን በመኮትኮት ያኖሩት በአብዛኛው ጥቁር ገባሮችና ባሪያዎች ነበሩ፤ ብዙዎቹም ከደቡብ በነጋዴ ቅፍለት ተነድተው የመጡ ሰዎች ወይም ልጆቻቸው ናቸው። ስለ ውበቱ ስንናገር እነሱን አለማንሣት ሌላ ስሕተት ይሆናል።

«ጃኔት ሰው የተዋት ፍርስራሽ ናት፣ ቱዋሬጎችም ከተማ የማያውቁ ዘላኖች ናቸው»

በጃኔት ሸለቆ ዳርና ዳር፣ በኮረብታ ላይ በድንጋይና በጭቃ የተሠሩ አሮጌ የምሽግ መንደሮች አሉ፤ ኤል ሚሃን፣ አዘሉዋዝና አጃሂል ይባላሉ። ከቤቶቹ ብዙዎቹ ፈርሰዋል፤ ፎቶግራፍ የሚነሡትም ፍርስራሾቹ ናቸው። ሕዝቡ ግን አልጠፋም፤ ወደ ሸለቆው ወርዶ ሰፋ ያለች ከተማ ሠርቷል። ጃኔት ዛሬ የራሷ የአስተዳደር ክፍለ አገር መቀመጫ ናት፤ አውሮፕላን ማረፊያም አላት።

መንደሮቹ ሕያው መሆናቸው ከሁሉም በላይ የሚታየው በሰቢባ በዓል ነው። በእስልምና የጨረቃ አቆጣጠር በመጀመሪያው ወር፣ እስከ አሹራ ቀን ድረስ ለዐሥር ቀናት፣ የኤል ሚሃንና የአዘሉዋዝ ሰዎች በዘፈንና በጭፈራ ይፎካከራሉ። ሴቶቹ ከበሮ እየመቱ ያዜማሉ፤ ወንዶቹ የጦረኛ ልብስ ለብሰው፣ ፊታቸውን ሸፍነው፣ ሰይፍ ይዘው ይሰለፋሉ። በዓሉ በማኅበረሰቦች መካከል ያለ ጠብ በውጊያ ፈንታ በውድድር የሚገለጽበት ሥርዓት ሲሆን፣ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2014 በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል። ቱዋሬጎች እንስሳ የሚያረቡና ቅፍለት የሚመሩ መሆናቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን የቴምር አትክልት ባለቤት የሆኑ፣ በመንደር የሚኖሩ፣ ቲፊናግ በሚባል የራሳቸው ፊደል የሚጽፉም ናቸው። በታሲሊ አለቶች ላይ ከግመል ሥዕሎች አጠገብ የሚታዩት ጽሑፎች የዚህ ፊደል ጥንታዊ መልኮች ናቸው።

«በበረሃ የሚያሰጋው ሙቀትና ጥም ብቻ ነው»

አምባው ላይ በታኅሣሥና በጥር ሌሊት ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች ሊወርድ ስለሚችል ወፍራም መኝታ የግድ ነው። ድንገተኛ ጎርፍም አለ፤ ዝናቡ ሩቅ ተራራ ላይ ዘንቦ ውኃው ደመና በሌለበት ሸለቆ ሊደርስ ይችላል። በደረቅ ወንዝ ወለል ላይ ድንኳን መትከል የማይገባውም ለዚህ ነው።

«ከአለቱ ላይ ውኃ ቢረጭ፣ ከመሬቱም አንድ ድንጋይ ቢነሣ ምንም አይጎድልም»

የፈዘዘ ሥዕል በውኃ ሲረጥብ ለደቂቃዎች ይደምቃል፤ ስለዚህም ጎብኚዎች ከጠርሙሳቸው ውኃ የሚረጩበት ልማድ ለረጅም ጊዜ ቆይቷል። ውኃው ሲደርቅ በአለቱ ውስጥ ያለውን ጨው ወደ ላይ ያወጣዋል፤ ጨውም ቀለሙን ከሥር እያነሣ ያረግፈዋል። በጣት መንካትም ከእጅ ላይ ያለውን ቅባት በሥዕሉ ላይ ያስቀራል። በዚህ ምክንያት ፓርክ ሆኖ በሚጠበቀው በታሲሊ አስጎብኚ ሳይዙ መንቀሳቀስ አይፈቀድም። አልጄሪያ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ በአገሪቱ ፈቃድ ባላቸው አስጎብኚ ድርጅቶች በኩል ወደ በረሃው ለሚጓዙ የውጭ አገር ሰዎች ቪዛው ሲደርሱ የሚሰጥበትን አሠራር ዘርግታለች። አስጎብኚውን እንደ ግዴታ ብቻ የሚያየው ተጓዥ ብዙ ያጣል፤ በድንጋዩ ጫካ ውስጥ ካርታና የሳተላይት አቅጣጫ ጠቋሚ የቦታውን ነጥብ እንጂ ወደ ቦታው የሚያደርሰውን ክፍተት አያሳዩም።

በሥዕሎቹ ሥር መሬቱ በሸክላ ስባሪ፣ በድንጋይ ስለትና በእህል መፍጫ ድንጋይ የተሞላ ነው። ብዛቱን ያየ ሰው አንዱን ቢያነሣ የሚጎዳ አይመስለውም። ይሁን እንጂ ከላይ እንደተገለጸው የሥዕሉ ቀለም ዕድሜውን ራሱ አይናገርም፤ የሚናገሩለት ከሥሩ ያለው አመድ፣ በአመዱ ውስጥ ያለው ስባሪና ስባሪው የተቀመጠበት ጥልቀት ናቸው። የታካርኮሪ ሸክላዎች ስለ ወተት ሊመሰክሩ የቻሉት ተመራማሪዎቹ ባሉበት ስላገኟቸው ነው። ከቦታው ተነሥቶ ወደ ቤት የተወሰደ ስባሪ ግን ከየትኛው ዘመንና ከየትኞቹ ሰዎች እጅ እንደወጣ የሚያስረዳ ነገር ከጎኑ አይኖርም።